እርማት፦ ኤፍ-20 በወረቀት ላይ የቀረ ጄት አይደለም
ፒያሳ ቡና ስንጠጣ ያሳዩኝን የ1/72 የአውሮፕላን ሞዴል (ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሰ) ወድጄዋለሁ፤ ሆኖም «ኤፍ-20 ታይገርሻርክ ከንድፍ ያላለፈ ስለሆነ እንደፈቀድኩ ብሠራው ስሕተት የለበትም» ማለትዎ፣ ብዙዎች የሚደግሙት ቢሆንም፣ ትክክል አይደለም። ይህ የአሜሪካ ተዋጊ ጄት እ.ኤ.አ. በ1982 በርሯል፤ ሦስት ተሠርተው ሁለቱ ተከሰከሱ፤ ገዢ በመጥፋቱም ሥራው በ1986 ተቋረጠ። መነሻው ኤፍ-5ኢ የተባለው ባለሁለት ሞተር ተዋጊ ጄት ቢሆንም ሁለቱ ጄ85 ሞተሮች በአንድ ኤፍ404 ስለተተኩ፣ በሞዴልዎ ከጅራቱ ሥር ካሉት ሁለት የጭስ ማስወጫዎች አንዱን በስቱኮ መድፈን አይበቃም፤ ሁለቱም ተቆርጠው መካከል ላይ አንድ ሰፊ ክብ ማስወጫ መግባት አለበት። ምናባዊ የሚባለው በክንፉ ላይ የለጠፉት የአየር ኃይላችን ምልክት ነው፤ ኢትዮጵያ ኤፍ-5ኤ እና ኤፍ-5ኢ እንጂ ኤፍ-20 አልነበራትም። (እሱን ግን አይላጡት፤ አምሮበታል።)