ልጁን የምታሳድገው እሷ፣ ሪፈንዱን የሚበላው ሌላ

ሰሞኑን አንድ ታክስ ሠሪ በቀጥታ ስርጭት አሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ምክር ሲሰጥ ሰማሁ። የእህትን ወይም የወንድምን ልጅ ዲፔንደንት (የማስተዳድረው ጥገኛ) ብሎ ታክስ ፎርም ላይ ማስገባት ማንንም አይጎዳም፣ ገንዘቡ የመንግሥት ነው አለ። ስሙን አልጠራም። ምክሩን ግን በዝምታ አላልፍም።

ማንንም አይጎዳም? እናትየውን ይጎዳታል እንጂ!

ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ስንቷን እናት እናውቃለን? ሌሊት ሆቴል ስታጸዳ አድራ፣ ጠዋት ልጇን ትምህርት ቤት ታደርሳለች። ዓመቱን ሙሉ የምትጠብቀው ከታክስ የሚመለስላትን ገንዘብ፣ ሪፈንዷን ነው። ውዝፍ የቤት ኪራይ የሚከፈለው፣ ያለቀው የመኪና ጎማ የሚቀየረው በሱ ነው። ለ2025 የታክስ ዓመት የልጅ ክሬዲቱ (ልጅ ላለው ከታክሱ የሚቀነስለት ወይም የሚመለስለት ገንዘብ) እስከ 2,200 ዶላር ነው። ገቢው ዝቅ ላለ ሠራተኛ የሚሰጠው ክሬዲት ደግሞ ለአንድ ልጅ እስከ 4,328 ዶላር ይደርሳል።

ይህቺ እናት ታክሷን በኢንተርኔት ስታስገባ ፎርሙ ውድቅ ሆኖ ይመለስባታል። የልጇ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ቀድሞ በሌላ ሰው ፎርም ገብቷል። ማን እንዳስገባው የታክስ መሥሪያ ቤቱ አይአርኤስ አይነግራትም። አይፒ ፒን የሚባለውን የአይአርኤስ የማንነት መጠበቂያ ቁጥር ካላወጣች ወረቀት ሞልታ በፖስታ ትልካለች፣ ከዚያ ትጠብቃለች። ማስረጃ ስትጠየቅ የትምህርት ቤት ደብዳቤ፣ የሐኪም ወረቀት፣ የኪራይ ውል ፍለጋ ትሯሯጣለች። ወልዳ ያሳደገችውን ልጅ አብሮኝ ነው የሚኖረው ብላ ታስረዳለች! አጎት ተብዬው ገንዘቡን በልቶ ስልክ አያነሳም። ይሄ ከሰው ኪስ መውሰድ ካልሆነ ምንድነው?

«እኔም እኮ ልጁን እረዳለሁ» የሚል አይጠፋም። ይርዳ፣ እሰየው። ለነዚህ ክሬዲቶች ሕጉ የሚጠይቀው ግን ልጁ ከግማሽ ዓመት በላይ አብሮት መኖሩን ነው። የአሜሪካ ዜግነትም ነዋሪነትም ለሌለው ልጅ አዲስ አበባ ገንዘብ መላክም ዲፔንደንት አያደርገውም።

ታክስ ሠሪው ስለ ቅጣቱ ትንፍሽ አላለም። ሕጉን ችላ ብሎ ያስገባ ለ2 ዓመት፣ ያጭበረበረ ለ10 ዓመት ከክሬዲቱ ይታገዳል። በዚህ መሀል የራሱ ልጅ ቢወለድ እንኳ እገዳው አይነሳለትም። የወሰደውን ይመልሳል፣ ወለድ ይከፍላል፣ 20 በመቶ ቅጣት ሊጨመርበት ይችላል። ማጭበርበር ከተባለ ቅጣቱ 75 በመቶ ነው።

ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ደግሞ ከዚህም የባሰ ስጋት አለበት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2012 በካዋሺማ ጉዳይ የወሰነው ግልጽ ነው። አውቆ ሐሰተኛ ታክስ በማስገባት የተፈረደበት፣ መንግሥትንም ከ10,000 ዶላር በላይ ያከሰረ ሰው፣ ዜጋ ካልሆነ ከአገር ሊባረር ይችላል። በየዓመቱ ሁለት ሦስት የሌላ ሰው ልጅ የሚያስገባ ሰው እዚያ ቁጥር ላይ ለመድረስ ብዙ አይቀረውም።

እንዲህ የሚመክሩት ሰዎች ፎርሙ ላይ ስማቸውን እንኳ አይጽፉም። የሚፈርመው ደንበኛው ነው፣ የአይአርኤስ ደብዳቤም የሚመጣው በደንበኛው ስም ነው። ምክሩ እውነት ከሆነ ሠሪው ስሙንና የታክስ ሠሪነት መለያውን፣ የፒቲን ቁጥሩን፣ ከሥር ያስፍር። የሌላ ሰው ልጅ ያስገባችሁ ደግሞ ደብዳቤ አትጠብቁ። በማስተካከያው ፎርም፣ በ1040 ኤክስ፣ አስተካክላችሁ ልጁን አውጡ፣ የወሰዳችሁትን መልሱ፣ ለእናትየውም ደውላችሁ እውነቱን ንገሯት።