ሬጅስትሪ ማጽጃ ኮምፒውተር ያፈጥናል?

ደጋፊ፦ ያፈጥናል። ፕሮግራም ሲራገፍ ሬጅስትሪ (ዊንዶውስና ፕሮግራሞች ቅንብራቸውን የሚጽፉበት መዝገብ) ላይ የጻፈውን ሁሉ ይዞ አይወጣም፤ ፋይሉ የሌለ የስታርትአፕ ትእዛዝ፣ የተሰረዘ ዲኤልኤል (ፕሮግራሞች የሚጋሩት የኮድ ፋይል) አድራሻ፣ ባለቤት አልባ ቁልፍ (የመዝገቡ ክፍል) ጥሎ ይሄዳል። ዊንዶውስ በተነሳ ቁጥር የሌለውን ይፈልጋል። ሲክሊነር የተባለውን ማጽጃ ከፍቶ ማስፈተሽ፣ ባክአፕ ይያዝ ወይ ሲል እሺ ማለት፣ ከዚያ ማስተካከል ነው። ባክአፕ ስላለ ጉዳት የለውም።

ተቃዋሚ፦ «ባክአፕ ስላለ ጉዳት የለውም» የሚለው ነው ሰውን የሚያከስረው። ያ ባክአፕ የሬግ ፋይል (የተነሱት ቁልፎች ቅጂ) ነው፤ የሚመለሰው ዊንዶውስ ተነስቶ ፋይሉ ሁለቴ ሲጫን ነው። ማሽኑ ካልተነሳ ማን ይጫነዋል? ደግሞም ሬጅስትሪ እንደ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አይነበብም። ዊንዶውስ የፈለገውን ቁልፍ በአድራሻው ይደርስበታል፤ ጎኑ ያለው የሞተ ቁልፍ አያዘገየውም። የሶፍትዌር ሃይቭ (የፕሮግራሞች ቅንብር የሚቀመጥበት የሬጅስትሪ ፋይል) ብዙ ጊዜ በአስር ሜጋባይቶች የሚቆጠር ነው፤ ሺህ ቁልፍ ቢነሳ የሚቀንሰው በኪሎባይት ነው።

ደጋፊ፦ ሥራውን እንደማያውቅ ሰው አይቁጠሩኝ። ጠንቃቃ ሰው አስቀድሞ ሪስቶር ፖይንት (ሲስተሙን ወደ ቀድሞ ሁኔታው የሚመልስ ነጥብ) ይፈጥራል፤ ያ ደግሞ ዊንዶውስ ባይነሳም ከሪከቨሪ ገጹ ይሠራል። ማጽጃው ለንጽሕናም ይጠቅማል፤ በየጊዜው «ፋይሉ አልተገኘም» የሚያሰኘውን ቅሪት ያነሳል።

ተቃዋሚ፦ ሲጀምሩ ያፈጥናል ነበር ያሉት፤ አሁን ንጽሕና ሆነ። ባክአፑም ወደ ሪስቶር ፖይንት ተቀየረ፤ ሪስቶር ፖይንት የሚይዘው ሲስተም ፕሮቴክሽን ካልበራ ደግሞ እሱም የለም። ማሽን የዘገየበት ሰው ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭኖ ማሽኑን ምን እንደያዘው የሚያሳየውን ታስክ ማኔጀርን ይይ። ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ከቆመ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ይቀይር፤ 4 ጊጋ ራም ከሞላ 8 ያድርገው፤ ስታርትአፕ ውስጥ የማያስፈልገውን ዲሴብል ያድርግ። ማይክሮሶፍት ራሱ ማጽጃዎችን እንደማይደግፍ በጽሑፍ አሳውቋል። በ2017 እ.ኤ.አ. የሲክሊነር 5.33 እትም ማልዌር (ጎጂ ፕሮግራም) ተሸክሞ ከአምራቹ ከራሱ ሰርቨር ወርዷል።

ደጋፊ፦ ያ አንድ እትም ነው፣ ተስተካክሏል። እርስዎስ ስታርትአፕ ዲሴብል ሲያደርጉ ታስክ ማኔጀር የት ነው የሚጽፈው? ሬጅስትሪ ላይ! እኔ ስነካው አደጋ፣ እርስዎ ሲነኩት ጥገና?

ተቃዋሚ፦ የምነካው አንድ መስመር ነው፣ ስሙን አይቼ፤ ኢኔብል ሲባል ይመለሳል። ማጽጃው ግን በግምት ይሰርዛል። ፕሮግራሙ ውጫዊ ዲስክ ላይ ሆኖ ዲስኩ በዚያ ሰዓት ካልተሰካ፣ «ፋይሉ የለም» ብሎ ቁልፉን ያነሳዋል። በማግስቱ ዲስኩ ሲሰካ ፕሮግራሙ እንቢ ይላል፤ ባለቤቱም ችግሩን ከትናንቱ ጽዳት ጋር አያገናኘውም፣ ባክአፑን የት እንዳስቀመጠውም አያስታውስም።