ጄኔቭ ላይ የከሰስነው በማን ሚዛን ነበር?

«ግብረ ገብ እንደየአገሩ ነው፤ የአንዱን ባህል በሌላው ሚዛን አትመዝኑ» የሚለው ክርክር በአገራችን ብዙ ደጋፊ አለው። ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ፋሺስት ኢጣልያ ከወረራው በፊት ለመንግሥታት ማኅበር ባቀረበችው ክስ፣ ኢትዮጵያ የባሪያ ፍንገላ አገር ስለሆነች ከሠለጠኑት ጋር እኩል መቀመጥ አይገባትም ብላ ነበር። «ሥልጣኔ አመጣላችኋለሁ» ያለው ጦር የሰናፍጭ ጋዝ ረጨብን። ይህን ያየ ሕዝብ «ለዓለም ሁሉ የሚሆን እሴት» ሲባል ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

ነገር ግን እኛስ በምን ተሟገትን? ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ ላይ በዚሁ ማኅበር ጉባኤ ፊት ለመናገር ሲቆሙ የኢጣልያ ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያስቆሟቸው ሞከሩ። ንጉሠ ነገሥቱ «በእኛ ባህል ይህ ነውር ነው» አላሉም። አደጋ ላይ የወደቀው መንግሥታት ሁሉ የሚተዳደሩበት ሥነ ምግባር መሆኑን ነው የተናገሩት። ግብረ ገብ እንደየአገሩ ከሆነ ግን ሙሶሊኒም በራሱ ሚዛን ልክ ነበረ፤ አቤቱታችንም የተሸናፊ እሮሮ ብቻ ነበር ማለት ነው። ይህን እሺ ብሎ የሚቀበል ኢትዮጵያዊ አላውቅም።

ሚዛኑ ታዲያ ወደ እኛም ይዞራል። ኢጣልያ ባርነትን ሰበብ ስላደረገችው ባርነቱ ሐሰት አልነበረም። በ1916 ዓ.ም. ማኅበሩን ስንቀላቀል ልናጠፋው ቃል ገብተን ነበር፤ በአዋጅ የተሻረው ግን በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። ፍትሐ ነገሥቱ ሳይቀር ደንብ ያወጣለት፣ ሥር የሰደደ ልማድ ነበር። ልማዱ የማን ነበር? የጌታው ወይስ የተሸጠው?

በአለባበስ፣ በአመጋገብ፣ በለቅሶና በሠርግ ሥርዓት እንለያይ፤ ማንም አይጎዳም። ጠለፋ ግን ሌላ ነው። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ልጅቱን ካገባት ከክስ ያድነው ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ያንን ቀዳዳ ዘግቶ ከሦስት እስከ አሥር ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ደነገገ። ሆኖም ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በእርቅ የሚያልቅበት ቦታ ዛሬም አለ፤ ካሣው ለቤተሰብ ይሰጣል፣ ልጅቱን የሚጠይቃት የለም። ሽምግልናን አከብራለሁ፤ የማከብረውም ተበዳይን አስቀምጦ ስለሚሰማ ነው። ተበዳይዋ ጓዳ ተቀምጣ አባቷና ጠላፊዋ የሚታረቁበትን ጉባኤ ሽምግልና ብዬ አልጠራውም።