የሸኛችሁትን ልጅ ተቀበሉት

የአዳማ ነዋሪዎች ሆይ፣ ዛሬ የምገሥጻችሁ ስለ ጦር ሜዳ ጀግና አይደለም። ለእርሱስ ሜዳልያውም፣ ግጥሙም፣ የአደባባይ ጭብጨባውም አለለት። እኔን የሚያሳስበኝ ያ ተኩስ በሌለበት ዘመን፣ ከከተማ በራቀ የጦር ሰፈር ውስጥ ዘብ ሲቆም፣ ውኃ በቦቴ ሲያመላልስ፣ ጄኔሬተር ሲያስነሣና ያረጀ መኪና ሲጠግን የወጣትነቱን ዓመታት ጨርሶ፣ አንድ ሻንጣ አንጠልጥሎ መናኸሪያችን ላይ የሚወርደው ልጅ ነው። ይህን ልጅ ስትሸኙት ዶሮ አርዳችሁ፣ መርቃችሁ፣ ጉንጩን ስማችሁ ነበር። ሲመለስ ግን እንደ ባዳ ታዩታላችሁ።

ገና የቤቱን ደጃፍ እንደ ረገጠ የሚቀርብለትን ጥያቄ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ «ምን ይዘህ መጣህ?» ይባላል። ጠያቂው ብዙ ጊዜ በዚያው ልጅ ገንዘብ የተማረ ታናሽ ወንድም፣ ወይም ቆርቆሮው በዚያው ልጅ ገንዘብ የተቀየረለት አጎት ነው። ወታደር በካምፕ ሳለ ቀለቡና ልብሱ ስለሚቻልለት ከደመወዙ የሚበዛውን ወደ ቤት ይልካል፤ ቤተሰቡም የተላከውን ለደብተር፣ ለቤት ኪራይና ለእናት መድኃኒት ያውለዋል። ይህ መልካም ነው። መልካም ያልሆነው ገንዘቡን ሲጠቀምበት የኖረ ቤት ላኪውን «ባዶ እጁን መጣ» ብሎ ፊቱን ሲያጠቁርበት ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ከጎረቤት ይመጣል፤ «ለመሆኑ ውጊያ ገብተሃል?» ይሉታል። አልገባሁም ካለ ይሣቅበትና «ታዲያ እዚያ ምን ስትሠራ ከረምህ?» ይከተላል።

ምን ሲሠራ እንደ ከረመ እኔ ልንገራችሁ። ተኩስ ያልተሰማበት ሌሊት እንዲሁ በራሱ የሚነጋ አይምሰላችሁ። ከጅቡቲ የሚመጣው ከባድ መኪና ከተማችንን አቋርጦ ወደ ሞጆና ወደ አዲስ አበባ የሚዘልቀው፣ ሐዲዱና ድልድዩ ሳይነካ የሚያድረው፣ በየዳር ድንበሩ ነቅቶ የሚጠብቅ ሰው ስላለ ጭምር ነው። ጠባቂው ሥራውን በሚገባ ሲሠራ ምንም ነገር አይፈጠርም፤ ምንም ነገር ስላልተፈጠረም እርሱ ምንም እንዳልሠራ ይቆጠራል። የሰላም ጊዜ ወታደር ዕጣው ይህ ነው።

በአባቶቻችን ዘመን አገልግሎቱ በሕግ የተጻፈ ግዴታ ነበር። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ዕድሜው ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆነ ዜጋ ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት እንዲያገለግል፣ ከዚያም እስከ 50 ዓመቱ ተጠባባቂ ሆኖ እንዲቆይ ያዝዝ ነበር። በወረቀቱ ላይ ሀብታምና ድኻ አልተለየም። ምልመላው ግን በቀበሌ በኩል የሚካሄድ ስለ ነበር ኮታውን የሞላው የማን ልጅ እንደ ሆነ ያ ዘመን የደረሰበት ሁሉ ያውቃል፤ ዘመድ ያለው ሲቀር የልብስ አጣቢዋ ልጅ ሄደ። ዛሬ ሠራዊቱ በሕግ ደረጃ የቆመው በፈቃደኞች ነው። (ፈቃደኛ ያልሆነን ልጅ ከመንገድ አፍሶ ቁጥር መሙላትም ሆነ ገንዘብ ተቀብሎ መልቀቅ በየትኛውም ዘመን ነውር ነው፤ ይህን የሚያደርግ ካለ ተግሣጽ ሳይሆን ፍርድ ቤት ይገባዋል።) ሆኖም ፈቃደኞቹ ከየትኛው ቤት እንደሚወጡ ተመልከቱ፤ ባለ ሆቴሉና ባለ ሕንፃው ልጁን ሲልክ ብዙም አላየንም። ልጁን ያልላከ ሰው የሌላው ልጅ ስለ ሄደለት ዕዳ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ዕዳውም «መንግሥት ይወቅለት» በማለት የሚሰረዝ አይደለም።

በከተማችን በከባድ መኪና ጥገና ስማቸው የታወቀ አንድ ጋሽ አሉ። በ1976 ዓ.ም. በመጀመሪያው ጥሪ ሄደው፣ ከሶማሊያ ጋር የተደረገው ጦርነት ካበቃ ዓመታት በኋላ፣ በሐረርጌ በኩል ትልቅ ውጊያ በሌለበት ሰፈር አገልግሎታቸውን የፈጸሙት በክፍለ ጦሩ ጋራዥ ውስጥ ነበር። ሲሠሩ ያየ ሰው ውትድርና ምን እንዳስተማራቸው ለመረዳት ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም። መኪናውን ከመንካታቸው በፊት ንጹሕ ማዳበሪያ መሬት ላይ ያነጥፋሉ፤ ቁልፎቹን ከትንሹ ቁጥር እስከ ትልቁ ይደረድራሉ፤ ካቻቢቴው በአንድ ወገን፣ ፒንሳው በሌላው ይሆናል። ከሞተሩ የሚፈታው ቡሎንና ዳዶ በወጣበት ቅደም ተከተል ናፍጣ ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ ይገባል። ሥራው ሲያልቅ ረዳቶቻቸው እጃቸውን ከመታጠባቸው በፊት ቁልፎቹ ይቆጠራሉ፤ አንድ ከጎደለ ተገኝቶ እስኪሞላ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ይህን ልማድ ያመጡት አንድ መፍቻ ስትጠፋ ጋራዡ በሙሉ ተሰልፎ ከሚያመሽበት ከዚያ ሰፈር ነው።

እኒህ ሰው ሲመለሱ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ወረቀት አልነበራቸውም። ሥራ ያገኙት አንድ የጋራዥ ባለቤት ወረቀት ከመጠየቅ ይልቅ የተበታተነ ካምቢዮ ፊታቸው አስቀምጦ «እስቲ ግጠመው» ስላላቸው ነው። ገጠሙት፤ በዚያው ቀሩ። ከእርሳቸው እጅ ሥር የወጡ መካኒኮች ዛሬ በየጋራዡ አሉ። አንድ ባለ ንብረት የአንድ ከሰዓት በኋላ ትዕግሥት ባይኖረው ኖሮ ይህ ሁሉ እውቀት ከአንድ መጋዘን በር ላይ ዱላ ይዞ ይቀር ነበር።

እናንተ ግን ዛሬ የምታደርጉት ይህንኑ ነው። የሬዲዮ ኦፕሬተር ለነበረውም፣ ቁስል ሲያክም ለኖረውም፣ ከባድ መኪና በበረሃ ሲነዳ ለከረመውም የምታቀርቡለት ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ በር ላይ ቁም ትሉታላችሁ። ጥበቃ የተናቀ ሥራ ነው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን በንፋስ ኃይል ማመንጫዋ፣ በኢንዱስትሪ ፓርኳና በጋራዦቿ የምትኮራ ከተማ «የሠለጠነ ሰው ጠፋ» እያለች ስታማርር፣ የሠለጠነውን ሰው በየአጥሯ ሥር ማታ ማታ ብርድ ስታስመታው ማየት ያሳፍራል። በኤጀንሲ በኩል የተቀጠረ እንደ ሆነም አሠሪው ከሚከፍለው ላይ ኤጀንሲው ድርሻውን አንሥቶ ነው የተረፈው ለልጁ የሚደርሰው።

ለዚህችውም ሥራ ተያዥ አምጣ ይባላል። በአንድ የሲሚንቶ መጋዘን ቢሮ ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። ልጁ የመሰናበቻ ወረቀቱን በፕላስቲክ ሸፍኖ አቀረበ። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ማኅተሙን ካየ በኋላ በጠረጴዛው ላይ ወደ ልጁ ገፋ አደረገውና «ደመወዝተኛ ተያዥ፣ ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ ማረጋገጫ ደብዳቤ ጋር» አለው፤ ቀና ብሎም አላየውም። ክላሽ ከነጥይቱ፣ የመሣሪያ ግምጃ ቤት ከነቁልፉ ያለ ማንም ዋስትና የተረከበ ሰው፣ የሲሚንቶ ክምር ለመጠበቅ የአንድ መምህር ወይም የአንድ ነርስ ፊርማ ያስፈልገዋል ማለት ነው። ልጁም ፊርማ ፍለጋ ዘመድ ዘመዱን ሲዞር ከረመ። አንዱ «ፊርማዬን ለማንም አልሰጥም ብዬ ምያለሁ» አለው፤ ሌላው ስልኩን አላነሣም። ሲሄድ የመረቁት እነዚሁ ሰዎች ነበሩ።

ፍርሃታችሁ ከየት እንደ መጣ አላጣሁትም። ለሰው ተያዥ ሆኖ በጠፋ ዕቃ ደመወዙ የተቆረጠበት ሰው በየሰፈሩ አለ። ይሁንና የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ላይ ካልተገለጸ ዋስትናው ዋጋ እንደማይኖረው ይደነግጋል። ስለዚህ አቅማችሁ የሚችለውን መጠን በቁጥርና በፊደል አስጽፋችሁ መፈረም ትችላላችሁ፤ ባዶ ቅጽ አምጥቶ «ፈርሙ» የሚላችሁን አሠሪም መጠኑን ሞልቶ እንዲመጣ የመጠየቅ መብት አላችሁ። ሕጉ የሰጣችሁን ገደብ ሳታውቁ ልጁን ደጅ መመለስ ጥንቃቄ ሊባል አይችልም።

አሠሪዎችም ብትሆኑ አንድ ነገር ልታውቁ ይገባል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ብሔራዊ ጥሪን የሥራ ውል ለጊዜው ከሚታገድባቸው ምክንያቶች አንዱ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ውሉ ይታገዳል እንጂ አይፈርስም፤ ሠራተኛው የእገዳው ጊዜ ባበቃ ማግሥት ለሥራ ሲቀርብም አሠሪው ወደ ሥራው የመመለስ ግዴታ አለበት። ሠራተኛው በተጠራ በሳምንቱ ወንበሩን ለእኅቱ ልጅ የሚሰጥ አሠሪ ይህን አንቀጽ ቢያነብ ይበጀዋል።

ወታደርን በሰላም ጊዜ መዘንጋት ቀላል ነገር የሚመስለው ካለ ነገሌ ቦረናን ያስታውስ። በጥር 1966 ዓ.ም. በዚያ የነበሩ ተራ ወታደሮችና የበታች ሹማምንት ያመፁት ጠላት ስለ መጣባቸው አልነበረም፤ ምግባቸው ስለ ከፋና የሚጠጣ ውኃ ስላጡ ነበር። ሊያነጋግሯቸው የተላኩትን ጄኔራል ይዘው እነርሱ የሚበሉትን አበሏቸው። በሳምንታት ውስጥ ነገሩ ወደ ሌሎች የጦር ክፍሎች ተዛመተ፤ በዚያው ዓመት መስከረም ሳይጠባ መላው አገር ተናወጠ፤ አዲሱ ዓመት በገባ በሁለተኛው ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ለዚያ ሁሉ ምክንያቱ የውኃ ጥም ብቻ ነበር አልልም፤ መጀመሪያው ግን የሰላም ጊዜ ወታደር አቤቱታ ሰሚ ማጣቱ ነበር።

ለወላጆችም ቃል አለኝ፤ አጭር ነው። አልታዘዝ ያለን፣ ጫት ቤት የዋለን ልጅ «ውትድርና ይግረፈው» ብላችሁ አትላኩ። የጦር ሰፈር የእናንተን ያልጨረሳችሁትን አስተዳደግ የሚጨርስ ቦታ አይደለም፤ እንደ ቅጣት የተላከ ልጅም ሲመለስ ዓመታቱን እንደ እስር ዘመን ነው የሚቆጥራቸው።

ተመላሾቹም ከወቀሳ አትድኑም። ደረጃህን ታክሲ ተራ ላይ ለማስፈራሪያ፣ ቤትህ ውስጥ ደግሞ ሚስትህን ለማዘዣ የምትጠቀምበት ከሆነ፣ ሰው ቢሸሽህ የሰው ጥፋት ብቻ አይደለም። የምትችለውን ሙያ በግልጽ ተናገር፤ «ወታደር ነበርኩ» ማለት ለቀጣሪ ምንም አይነግረውም፤ «የናፍጣ ሞተር አወርዳለሁ፣ እገጥማለሁ» ማለት ግን ይነግረዋል።

ዕድሮቻችን ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሊሠሩት የሚችሉት ብዙ ነው። በአገልግሎት ላይ የቆየ አባል ሲመለስ ያልከፈለውን መዋጮ ከነቅጣቱ ደምሮ የሚጠብቀው ዕድር እንዳለ ሰምቻለሁ፤ ይህ ይሰረዝ። ተያዥ ላጣ ተመላሽ፣ በዕድሩ የሚታወቁ ሁለት ሰዎች በተወሰነ መጠን እንዲፈርሙለትና ጉዳት ቢደርስ ዕድሩ የሚጋራበት አንቀጽ በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ ይጨመር። የተመላሹ ሙያም በወርኃዊው ስብሰባ ላይ ይነበብ፤ በዚያ መካከል ጋራዥ ያለው፣ ክሊኒክ ያለው፣ ከባድ መኪና ያለው አባል አይጠፋም። የዕድር ዳኞች ይህን በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ አድርጋችሁ አስይዙ፤ የሚቃወም አባል ካለም ስሙና ምክንያቱ በቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍ።