ዳሎል በቦሌ በኩል

ለጎረቤት ምስጋና መንፈግ ነውር ነው። ስለዚህ ዛሬ ጎረቤቴን ላመስግን። በእሱ አሳብቤም መኪናቸውን ለስምንተኛው ሺህ አስታጥቀው ማኪያቶ ሊጠጡ የሚወጡትን የአዲስ አበባ ጀግኖች በሙሉ አመሰግናለሁ።

ሰፈር ውስጥ ካፒቴን እንለዋለን። ስሙን ያወጡለት የሰፈር ልጆች ናቸው። ለምን ካፒቴን እንዳሉት ጠይቄ አላውቅም። መኪናውን ያየ ሰው አይጠይቅም።

መኪናው ላንድ ክሩዘር ነው። ቶዮታ በፈረንጆቹ 1984 ያወጣው፣ ባለ 70 የሚባለው፣ ፊቱ እስከ ዛሬ ብዙም ያልተለወጠው። አፋር ላይ ጨው ሜዳ የሚያቋርጠው እሱ ነው። ካፒቴን ገዝቶት የመጣ ዕለት እንኳን ደስ አለህ ልንለው ወጣን።

«ገና ራቁቱን ነው» አለን።

እኛ እኮ ሙሉ መኪና መስሎን ነበር።

ከዚያ ማልበሱ ተጀመረ። መጀመሪያ የፊቱ ፓራውልት ተነቅሎ በግ የሚያህል ብረት ተተከለ። በብረቱ ላይ ዊንች ገባ፤ የተያዘ መኪና በገመድ የሚጎትተው ማሽን። ዊንች የመኪናውን ሙሉ ክብደት አንድ ተኩል እጥፍ መጎተት አለበት ይባላል። የካፒቴን ዊንች 12 ሺህ ፓውንድ ይጎትታል፤ ወደ 5 ቶን ተኩል ማለት ነው። እስካሁን የጎተተው ግን የካፒቴንን ደሞዝ ብቻ ነው። ቀጥሎ ጥርሱ ያገጠጠ የጭቃ ጎማ መጣ። አስፋልት ላይ ሲሄድ ወፍጮ ቤት የገባችሁ ይመስላችኋል። ጎረቤት ሁሉ ካፒቴን መግባቱን ከዋናው መንገድ ጀምሮ ያውቃል፤ ሚስቱ እንጀራ የምታቀርበው ድምፁን ሰምታ ነው።

ጣራው ላይ ፖርቶመጋላ ወጣ። በፖርቶመጋላው ላይ የሚዘረጋ ድንኳን። ከድንኳኑ ጎን አካፋ፣ ረጅም ክሪክ፣ ከአሸዋ መውጫ ሳንቃ፣ ሁለት ጄሪካን። ከፊት ለፊት የስታዲየም ባውዛ የሚያህል መብራት። ድንኳኑ ብቻውን 60 ኪሎ ገደማ ነው። ከብረቱ ጋር ስትደምሩት ካፒቴን ዓመቱን ሙሉ አንድ ኩንታል ጤፍ ጣራው ላይ ጭኖ እየዞረ ነው። ጤፉን አይበላውም፣ አያወርደውም። ቀለበት መንገድ ላይ ሲታጠፍ መኪናው እንደ ሰካራም ዘንበል ይላል፤ እሱ «ሰስፔንሽኑ እየሠራ ነው» ይላል።

ይህ ድንኳን የተገዛው ሰሜን ተራሮች ላይ ሊታደርበት ነው። እስከዚያው ግን የቦሌ ሕንፃዎች ምድር ቤት ፓርኪንግ አላስገባ ብሎታል። መግቢያው ላይ «ከፍታ 2.10 ሜትር» የሚል ብረት ተንጠልጥሏል። ጥበቃው ቀና ብሎ ያይና «ጋሼ፣ ይሄ ቤት አይገባም» ይለዋል። የተከበረ ጥበቃ ነው፤ ቤት መሆኑን ገብቶታል። ካፒቴን ዞሮ አስፋልት ዳር ያቆማል። ይሄኔ የአስፋልቱ ፓርኪንግ ልጅ የሁለት መኪና ሒሳብ ይጠይቀዋል። ክርክሩ ራሱ አንድ ጉዞ ነው።

አሁን ወደ ኩምቢው ልምጣ። ስኖርክል ነው ስሙ፤ ልጆቹ ግን ኩምቢ ይሉታል፤ እኔም ከልጆቹ ጋር ነኝ። ከኮፈኖው ጎን ተነሥቶ እስከ ጣራው የሚወጣው ጥቁር ቱቦ። ካፒቴን ስለ ኩምቢው ሲያስተምር ቡናው ይቀዘቅዛል። ሞተር የሚተነፍሰውን አየር ከላይ ይስባል፣ ወንዝ ስትገባ ውሃ አይጠጣም፣ ውሃ የጠጣ ሞተር ፒስተኑ ውሃን መጭመቅ ስለማይችል ቢየላው ይጣመማል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ኩምቢው ብቻውን እንደማይበቃም ነግሮኛል፤ ዲፈረንሻሉም ካምቢዮውም የሚተነፍሱበት ቀጭን ቱቦ አላቸው፣ እሱም ከፍ ማለት አለበት። ዕውቀቱ ሙሉ ነው።

አንድ ቀን መካኒክ የሆነ አብሮ አደጌ ቤት መጥቶ ካፒቴን ኮፈኖውን ከፈተለት። ሰውየው ጎንበስ ብሎ አየ። እጁን ሰደደ። ቀና አለ። እኔን አየኝ። ማታ ላይ ነው የነገረኝ። ቱቦው ከአየር ማጣሪያው ጋር አልተገናኘም። ፓራፋንጎው አልተበሳም። ኩምቢው በሲሊኮን የተለጠፈ ነው።

ይህን ስሰማ ለካፒቴን ያለኝ አክብሮት እጥፍ ሆነ። ሌላው ሞኝ መኪናውን ያስበሳል። እሱ ግን አንድ ቀዳዳ ሳያበጅ፣ ሞተሩ በዱሮው አፍንጫው እየተነፈሰ፣ መኪናውን ዋናተኛ አስመሰለው። ጉትቻን ጆሮ ሳይበሱ ማድረግ ማለት ይህ ነው። ደግሞስ ምን ውሃ አለ? ሐምሌ ላይ የፍሳሽ ቱቦ ተዘግቶ መንገዱ በውሃ ሲሞላ፣ እሱ ዳር ይዞ ቆሞ በመስኮት ያያል። ቪትዞቹ እየዋኙ ያልፋሉ።

ጄሪካኖቹም ታሪክ አላቸው። ማደያ ላይ በጄሪካን ነዳጅ መቅዳት ክልክል ነው፤ ጥቁር ገበያ እንዳይሸጥ። ስለዚህ የካፒቴን ጄሪካኖች ባዶ ናቸው። ከተገዙ ጀምሮ ጠብታ አልገባባቸውም። በየስፒድ ብሬከሩ ላይ ግን ከበሮ ይመታሉ። የጥምቀት ዕለት የሰፈሩ ወጣቶች ታቦቱን አጅበው ሲሄዱ መኪናው ከኋላ ቢከተል ሌላ ከበሮ አያስፈልግም ነበር።

እሱ ብቻ አይደለም፤ ዘመኑ ነው። ከጥር 2016 ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል። ባለፈው ገርጂ አካባቢ ጣራው ላይ ቀይ ጄሪካን ያሰረ የኤሌክትሪክ መኪና አየሁ። ሁለት ጊዜ ነው ያየሁት፤ መጀመሪያ ዓይኔን አላመንኩም። ናፍጣውን የት ሊያደርገው ነው? አልጠየቅኩትም። አርቆ አሳቢ ሰው ያሰበውን ሁሉ ለመንገደኛ አያስረዳም።

የካፒቴን መንገድ የታወቀ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከቤት ቦሌ መድኃኔዓለም፣ ከቦሌ መድኃኔዓለም ቤት። ቅዳሜ ላቫጆ። እሑድ በአዳማ ፈጣን መንገድ ቢሾፍቱ ሄዶ ሐይቅ ዳር ዓሣ ይበላል። መንገዱ ጠጠር የለው፣ ጉድጓድ የለው፣ በግ አያቋርጠው። ካፒቴን ግን ሊወጣ ሲል የጎማውን ንፋስ በዲጂታል መለኪያ ይለካል፣ የእጅ ባትሪውን ይፈትሻል፣ የመጀመሪያ ሕክምና ሳጥኑን ይቆጥራል። ዓሣው አጥንት አለውና።

ስለ ዳሎል ግን እንደሱ የሚያወራ የለም። ከባሕር ወለል በታች መሆኑን ያውቃል። አሸዋ ላይ የጎማ ንፋስ ከ35 ወደ 18 አካባቢ መውረድ እንዳለበት ያውቃል። ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚሄደው የሳነቴ መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ እንደሚወጣ፣ ናፍጣ ሞተር እዚያ ላይ አየር እንደሚያጥረው ያውቃል። መቼ ትሄዳለህ ስትሉት «አንድ ነገር ጎሎኛል» ይላል። የጎደለው ነገር ከዱባይ እየመጣ ነው። የመንገዱ ሰላም ጉዳይም አለ ይላል። እዚህ ላይ አልቀልድም፤ እውነቱን ነው፣ ብዙ ሰው ዘመዱን ሊጠይቅ ያልቻለበት ጊዜ ነው። ብቻ እኔ እንደማስታውሰው መንገዱ አማን በነበረ ጊዜም የሆነ ነገር ጎሎት ነበር።

አንድ ጊዜ ግን ከአስፋልት ወረድን። ነሐሴ ላይ፣ ከሸኖ ትንሽ ገባ ያለ ቦታ፣ ለቅሶ። ካፒቴን፣ እኔና ታላቅ እህቱ። እህቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላ ተቀምጠዋል። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። ከአስፋልቱ ለቅሶ ቤቱ አንድ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ካፒቴን መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ «ይኸው፣ ለዚህ ነው የተሠራው» አለ። ሁለት መቶ ሜትር ሄድን።

የመረሬ አፈርን የሚያውቅ ያውቀዋል። ሲደርቅ ድንጋይ፣ ሲረጥብ ሊጥ ነው። የኋላ ጎማዎቹ ዞሩ፣ ጭቃውን ወደ ሰማይ ረጩት፣ መኪናው ተቀመጠ። ካፒቴን የአራት ጎማውን ማርሽ ሳበ። ጎማ ዞረ፣ መኪና አልሄደም። ዝቅተኛውን ማርሽ፣ ሪዱታውን፣ አስገባ። ቀስ ብሎ ሰመጠ።

«ዊንቹስ?» አልኩት።

«ሪሞቱ ቤት ነው። እንዳይሰረቅ።»

ሪሞቱ ቢኖርስ? ገመዱ 28 ሜትር ነው፤ ሜዳው ላይ ያለው ቅርብ ባሕር ዛፍ ሦስት መቶ ሜትር ይርቃል። እሺ፣ አካፋው? ካፒቴን ዝም አለ። ጣራው ላይ ወጥቼ አየሁት። አካፋው ከፖርቶመጋላው ጋር ተበይዷል። ሳንቃዎቹም። አዲስ አበባ ውስጥ ያልተበየደ ነገር አያድርም፣ ትክክል ነው። ሌባ ሊወስደው አይችልም። ባለቤቱም አይችልም።

«አንተ፣» አሉ እህቱ ከኋላ፣ «ይሄ ሁሉ ብረት ታዲያ ምን ይሠራል?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳይገኝ ከኋላችን ቅጥቅጥ መጣ። እነሱም ለቅሶ ደራሽ ናቸው። ጣራው ላይ ፍራሽ፣ ቢጫ ጄሪካን፣ የታሰረ በግ። ጄሪካኑ ሙሉ ነው፤ ጠላ ይሸታል። ረዳቱ ሳይቆም ዘሎ ወረደ። ዐሥራ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ኮንጎ ጫማ አድርጓል። መኪናችንን አንድ ጊዜ ዞሮ አየው። ኩምቢው ጋ ቆም አለ፣ አለፈው። የፊት ጎማው ጋ ቁጢጥ ብሎ መሐሉን በመዳፉ ጠረገ። ከጭቃው ሥር አንድ ክብ ነገር ወጣ፤ እንደ ጠርሙስ ክዳን የሚዞር።

«ጋሼ፣ ይሄን አልቆለፉትም እኮ» አለ።

ቀጭ አደረገው። በዚያኛው በኩል ዞሮ ሁለተኛውንም ቀጭ አደረገው። ለካ የካፒቴን ባለ 70 በአራት ጎማ እንዲሄድ ማርሹ ብቻ አይበቃውም፤ ወርደህ የፊት እግሮቹን በእጅህ ካልቆለፍክ ከፊት ያለው ጉልበት ጎማው ጋ አይደርስም። ያን ሁሉ ጊዜ እየገፋን የነበረው በሁለት እግር ነው። ከዚያ ልጁ ከኪሱ የክብሪት እንጨት አወጣ። የጎማውን ንፋስ መሙያ ጫን አለው። ፊስስስ። ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል። ይበቃዋል ባለበት ሰዓት ለቀቀው፣ ወደ ሌላው ሄደ። ዲጂታል መለኪያው መሳቢያ ውስጥ ነበር። በአራተኛው ጎማ ካፒቴን አወጣውና ለካው።

«ሃያ» አለ፣ በአድናቆት።

«አሁን ይሞክሩት፣ ጋሼ።»

መኪናው እንደ በቅሎ ወጣ።

ካፒቴን ብር ሊሰጠው ኪሱን ሲዳብስ ልጁ ኩምቢውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። «ይሄ ለምንድነው?» አለ።

«ወንዝ ውስጥ ስትገባ እንዲተነፍስ ነው።»

ልጁ አሰበ። «እኛ እንኳን ውሃው እስኪጎድል እንጠብቃለን» አለና ቅጥቅጡ ላይ ተንጠልጥሎ ሄደ።

አሳዘነኝ። ያለው ትጥቅ ትዕግሥት ብቻ ነው። ሲሊኮን እንኳ የለውም።

ስንመለስ ጎማው በ20 አስፋልት አይሄድም፤ ከዱባይ ያልመጣው ዕቃ የጎማ መንፊያው መሆኑ ያኔ ታወቀ። ሸኖ ጎሚስታ ቤት ወረፋ ያዝን። ከፊታችን አንድ ባጃጅና አንድ ጋሪ ነበሩ። ካፒቴን በመንገድ ላይ አንዴም አልተነፈሰም። ሰንዳፋን ስናልፍ ግን ፈገግ አለ። «ማንዋል መሆኑ ነው ጥሩነቱ» አለ፣ «አውቶማቲክ ቢሆን ኖሮ ሴንሰሩ ያሳስተን ነበር።» እህቱ ከኋላ ተኝተዋል።

ቅዳሜ ላቫጆ ላይ አገኘሁት። አጣቢው ልጅ ቱቦውን ይዞ ሲቀርብ ካፒቴን እጁን ዘርግቶ አስቆመው። የውስጡ ምንጣፍ ይጠረግ፣ መስታወቱ ይወልወል፣ ጎኑ ላይ ያለውን ጭቃ ግን ማንም እንዳይነካው። ጭቃው ከጎማው ተነሥቶ እስከ መስኮቱ ድረስ ደርቋል። ልጁ ግራ ገብቶት «ሙሉ እጥበት ነው ወይስ ግማሽ?» ሲል ሰማሁት። ካፒቴን የሙሉውን ከፈለ።

ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ቦሌ መድኃኔዓለም ፊት ለፊት ቆሞ ሰው ሲያልፍ ሲያልፍ ያየዋል። ትናንት ከሰዓት ሰማዩ ጠቆረ። ካፒቴን ማኪያቶውን ጥሎ ሮጦ ወጣ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ትልቅ ሸራ አወጣ፣ መኪናውን ሸፈነው። ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ የሸራውን አንድ ጫፍ በእጁ ይዞ ሲበሰብስ አየሁት።