«አሮጌ መኪና ነው፣ ምን ይለካል?»

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። የኤምጂቢው፣ የዚያ የድሮ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና፣ ሞተር ታደሰ ተብሎ ከጋራዥ መጣ፤ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ግን ሳይነካ! መካኒኩን «ካምቢዮውስ?» ስለው «ደህና ነው፤ ከጮኸ ኋላ ከሥር እናወርደዋለን» አለኝ። ከሥር? ወንድሜ፣ የዚህ መኪና ካምቢዮ ሞተሩ ሳይነሳ አይወጣም! ይህን ብነግረው ደንበኛ ሁሉ እየሰማ «አንተ ደግሞ ከዩቲዩብ ነው የተማርከው» አለኝ። ሰው ሳቀ።

ጩኸቱ እኮ ድሮም ነበረ። 1ኛ፣ 2ኛ፣ 3ኛ ላይ ያለቅሳል፣ 4ኛ ላይ ዝም ይላል። 4ኛ ማርሽ ኃይሉን ቀጥታ ስለሚያሳልፍ ካምቢዮው ውስጥ ያለው የታችኛው ዘንግ ጭነት የለበትም። የተበላው እንግዲህ ዘንጉና የሚሽከረከርባቸው መርፌ ኩሽኔታዎች ናቸው። አንዱን ትቶ ሌላውን መቀየር ገንዘብ መጣል ነው፣ አብረው ይለወጣሉ።

ክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት የሞተሩ ዋና ዘንግ) ተሞርዷል ተባለ። በስንት? መልስ የለም። 0.010 ይሁን 0.020 ኢንች ካልታወቀ ብሮንዚኑ፣ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ስስ ቅርፊት፣ በምን ልክ ይገዛል? የዘይት ቀዳዳዎቹንስ በብሩሽና በላምባ ማን አጠባቸው? የመሞረጃው ብናኝ እዚያ ከቀረ ሞተሩ እንደተነሳ አዲሱን ብሮንዚን ይልጠዋል። «የክራንኩን የፊትና ኋላ ጨዋታ ለክታችኋል?» ብል «አሮጌ መኪና ነው፣ ምን ይለካል?» አለ። ምን ይለካል?! ከ0.004 እስከ 0.005 ኢንች መሆን አለበታ! ፍሪሲዮን በተረገጠ ቁጥር ክራንኩ ወደ ፊት ይገፋል፤ ያንን ግፊት የሚችሉት መሃል ላይ ያሉት ግማሽ ጨረቃ ቀለበቶች ናቸው። እነሱንም ገልብጦ የሚገጥም አለ። ቦይ ያለው ፊት ወደ ክራንኩ ነው የሚዞረው፤ ከተገለበጠ ብረት በብረት ይፋጫል።

ባለፈው ደግሞ ሌላ ጋራዥ ካምቢዮው ውስጥ ወፍራም የማርሽ ዘይት ሞልቶ ሰደደው። ይሄ ካምቢዮ የሚፈልገው የሞተር ዘይት ነው፣ 20ደብልዩ50! ኦቨርድራይቭ (በፍጥነት ሲነዳ የሞተሩን ዙር የሚቀንስ ተጨማሪ ማርሽ) ካለውም ያንኑ ዘይት ነው የሚጠጣው። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ተጽፏል፤ የሚገልጠው ሰው ጠፋ እንጂ።

እንግዲህ እንደገና ኮፈኑ ይነሳ፣ ራዲያተሩ ይውጣ፣ ዘይቱ ይፍሰስ። ደክሞኛል፣ በእውነት። እንግሊዝ አገር አቢንግደን ላይ እስከ 1980 እ.ኤ.አ. የተሠራ መኪና ነው፣ ዕቃው ዛሬም ይገኛል። ጠፋ የሚባለው ማይክሮሜትር፣ ያቺን ረቂቅ መለኪያ፣ የሚያነሳ እጅ ነው። ካምቢዮውን ባትፈቱት እንኳ ክራንኩ በስንት እንደተሞረደ ደረሰኙ ላይ ጻፉልን!