ስቅለት ቀን ገዳይ ፍለጋ

ኖርዌይ ውስጥ ፋሲካ ሲደርስ ሰው ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ፍለጋ ይወጣል። ቀልዴን አይደለም። መጽሐፍ መደብሮች መስኮታቸውን በወንጀል ልብ ወለድ ይሞላሉ። ቴሌቪዥኑ የእንግሊዝ መርማሪዎችን ያመጣል፣ ሬዲዮው ሬሳ የተገኘበት ድራማ ያሰማል። «ፖስከክሪም» ይሉታል፣ የፋሲካ ወንጀል መሆኑ ነው። ሐሙስ ዝግ፣ ዓርብ ዝግ፣ ሰኞ ዝግ። የቻለ ሁሉ ብርቱካንና ቸኮሌት ሸክፎ፣ ስኪውን መኪናው ላይ አስሮ፣ ተራራ ላይ ወዳለች የእንጨት ቤቱ ይወጣና እሳት ዳር ቁጭ ብሎ ማን ማንን እንደገደለ ያነባል። እኛ ወገባችን እስኪንቀጠቀጥ የምንሰግድበትን ሳምንት!

ነገሩ የጀመረው በማስታወቂያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 በሆሳዕና ዋዜማ «የበርገን ባቡር ሌሊት ተዘረፈ» የሚል ርዕስ በትልቅ ጋዜጣ ፊት ገጽ ላይ ወጣ። ባቡሩ ላይ ዘመድ ያለው ሁሉ ደነገጠ። ለካ ኖርዳል ግሪግና ኒልስ ሊ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች በብዕር ስም የጻፉት ልብ ወለድ ማስታወቂያ ኖሯል። መጽሐፉ ተቸበቸበ፣ ልማዱም እዚያው ቀረ። እኛ አገር ቢሆን አሳታሚው ሕዝብ አሸብሯል ተብሎ ፋሲካን የሚውለው ጣቢያ ነበር።

እኔን የገረመኝ ግን ወተቱ ነው። በዚህ ሰሞን የወተት ካርቶን ጎን ላይ አጭር የወንጀል ታሪክ በሥዕል ይታተማል። የእነሱ ፋሲካ ብዙ ጊዜ ከእኛ ቀድሞ ስለሚገባ እኔ ጾም ላይ ነኝ፣ ወተት ባለበት አልዞርም። ካርቶኑን ግን ምሳ ክፍል ውስጥ እያዟዟርኩ አነበብኩት። ሰውዬው በረዶ ላይ ወድቆ ተገኝቷል። ጓንት ያለው አንድ እጁ ላይ ብቻ ነው። የሚጠረጠሩት ሦስት ናቸው። ልጨርሰው ስል አንዱ ባልደረባዬ የቀረውን ወተት ቡናው ላይ ገለበጠና ካርቶኑን ጨፍልቆ መጣያ ውስጥ ወረወረው። ጾመኛ ሰው የወተት ካርቶን ከቆሻሻ ውስጥ ሲያወጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አወጣሁ። ገዳዩን ሳላውቅማ አላድርም።

የምሠራው አረጋውያን ቤት ነው። አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት አሉ። (እዚህ አገር ሁሉም አንተና አንቺ ነው፣ እኔ በልቤ አንቱ ነው የምላቸው።) ማጉያ መነጽራቸውን ገጹ ላይ ደቅነው ያነባሉ። መድኃኒት ይዤ ስገባ እጃቸውን ያነሳሉ። ምዕራፉ እስኪያልቅ ጠብቅ ማለት ነው። ኪኒኑን ሲውጡ ደግሞ «አማቹ ይመስለኛል» ይሉኛል። ልጆቻቸው ሲጠይቋቸው ይዘው የሚመጡት ያንኑ ዓይነት መጽሐፍ ነው። በዚህ ዕድሜሽ ምን ያደርግልሻል ያላቸው የለም።

እኔን ግን አሉኝ! የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ስትመጣ አንድ ልብ ወለድ አምጪልኝ ብዬ ለመንኳት። በርበሬው መጣ፣ ሽሮው መጣ፣ ድርቆሹ መጣ፣ ያልጠየቅኩት ጭኮ ሳይቀር መጣ። መጽሐፉስ? «ኧረ መጽሐፍ ይከብዳል» አለችኝ። ሻንጣዋ ግማሽ ወፍጮ ቤት ነው እኮ! ቀጥላ ደግሞ፣ «አንተ አሁንም ልብ ወለድ ታነባለህ እንዴ? ቁም ነገር ያለው አታነብም?» ይኸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ቁም ነገር! ያደግነው በዚህች ቃል ነው። ልብ ወለድ የሚነበበው ከባዮሎጂ ደብተር ሥር ተሸሽጎ ነበር። ከተያዝክ «ማትሪክ ላይ ፍቅረኛሞቹ ይመጣሉ?» ትባላለህ። እኛ ሰፈር በሳንቲም የሚከራይ የስለላና የወንጀል መጽሐፍ ነበር፣ ሽፋኑ በፕላስተር የተጣበቀ፣ ሁልጊዜ መጨረሻው ገጽ የተገነጠለ። ከዚያ ይብሳል እንጂ አይሻልም፣ ከአንተ በፊት የተከራየው ጉድ ገጽ አሥር ላይ በእስክሪብቶ «ገዳዩ ሾፌሩ ነው፣ አትልፋ» ብሎ ጽፎልሃል። ይሄ ሰው ዛሬ የት እንደሚኖር ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ደግሞ የማይወድ ሕዝብ ቢሆን እሺ። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ለበዛብህና ለሰብለ ያላለቀሰ ማን አለ? ነቢይ መኮንን በደርግ ጊዜ እስር ቤት ሆኖ «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን የተረጎመው በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው። ነገ ምን እንደሚመጣበት የማያውቅ እስረኛ ስለ አንዲት አሜሪካዊት ቅብጥብጥ ወይዘሮ ፍቅር ብጣሽ ወረቀት ላይ በደቃቅ ጽሑፍ ይለቅማል። ሂዱና ለእሱ ጊዜ ማባከን ነው በሉት።

እዚህ አነ ሆልት የምትባል ደራሲ አለች። ጠበቃ ነበረች፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የፍትሕ ሚኒስትር ሆናለች። ከሹመቷ በፊትም በኋላም የምትጽፈው የወንጀል ልብ ወለድ ነው። አገሩ ሚኒስትሯ ሬሳ በሬሳ አደረገችን አላለም፣ ገዝቶ አነበበ። እኛም ማስታወቂያ ሚኒስቴር ውስጥ ትልቅ ባለሥልጣን የሆነ ደራሲ ነበረን። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም አሳተመ። ስለላ አለበት፣ ፍቅር አለበት፣ ጦርነት አለበት፣ አንዴ ከያዙት አያስቀምጥም። መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፣ እሱ ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝኛ ታትሞ ወጣ። አንድ ባልደረባዬ ቢጠይቀኝ ደራሲው ምን ሆነ ብዬ እንደምመልስ እያሰብኩ ነው። መርማሪ የሌለው ወንጀል እነሱ አይገባቸውም።

እርግጥ ኖርዌይ ገንዘብ አላት። መንግሥት ከ1965 (በነሱ አቆጣጠር) ጀምሮ አዲስ ልብ ወለድ እየገዛ ለቤተ መጻሕፍት ያድላል፣ መጽሐፍ ሲሸጥም ተጨማሪ እሴት ታክስ የለበትም። እኛ ጋ የወረቀቱ ዋጋ ብቻ ደራሲውን ራሱን የልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ ያደርገዋል፣ ያውም የአሳዛኙን። እሺ፣ ነዳጅ የለንም። ግን አንባቢን ላለማሸማቀቅ ነዳጅ ያስፈልጋል?

አሁን መጽሐፉ ካልመጣ ብዬ ዩቲዩብ ላይ ትረካ ነው የምሰማው። ብቻዬን አይደለሁም፣ ዲሲ ታክሲ የሚነዳውም፣ ቤሩትና ዱባይ የሰው ቤት የምታጸዳውም በጆሮ ማዳመጫ የሚሰሙት ይህንኑ ነው። ብዙ ጊዜ ደራሲው ሳንቲም አያገኝበትም፣ እንደተተረከ የማያውቅም ይኖራል። ይህ ራሱ ወንጀል ነው፣ እኔም ተባባሪ ነኝ፣ ምን ላድርግ፣ መጽሐፉን የሚያመጣልኝ የለማ።

ሰሞኑን የያዝኩት ትረካ ላይ ልጅቷ የሟች አባቷን ሣጥን ከፍታ ደብዳቤ አግኝታለች። ደብዳቤው ከማን እንደሆነ ልታነብ ስትል «ቀጣዩን ክፍል ለማግኘት ሰብስክራይብ ያድርጉ» አለኝ። አደረግሁ። ደወሏንም ተጫንኩ። ሰውዬው ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ኮሜንት ላይ ሕዝቡ እየለመነው ነው፣ ወይ ፍንክች። መጽሐፉን ያነበባችሁ ካላችሁ ደብዳቤው ከማን እንደሆነ በውስጥ መስመር ንገሩኝ። እዚህ ኮሜንት ላይ ግን እንዳትጽፉት፣ ገጽ አሥር ላይ የጻፈውን ሰውዬ ታስታውሱኛላችሁ።